ጡሩንባው ለቀብር ብቻ አይነፋ

የሚዛን አማን ሰው፣ የቴፒ ሰው፣ አሁን እንነሣ። ከበዓል በኋላ አይደለም፣ ስብሰባ ሲጠራም አይደለም። አሁን።

ቡናው ተለቅሟል። እሸቱ ታጥቧል፣ ጀንፈሉ ደርቆ ተሸጧል። ኪስ ውስጥ ጥቂት ብር አለ፣ ጉልበትም ከለቀማው አረፍ ብሏል። መንገዱ አቧራ ነው፤ ሰው ሁሉ አቧራውን ያማርራል። አታማርሩት! አቧራ እስካለ ድረስ ቦይ መቆፈር ይቻላል። መጋቢት ሲገባ ሰማዩ ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጥቅምት ድረስ አካፋችን የሚያነሣው ጭቃ ብቻ ነው።

ዝናባችንን ማንም አይውቀሰው። ጫካውን ያቆመው እሱ ነው። ቡናውን፣ ኮረሪማውን፣ የቴፒን ቁንዶ በርበሬ ያበቀለው እሱ ነው። ግን ሒሳቡን አንድ ጊዜ አብረን እንሥራ። በዚህ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ቤት በዓመት ቢያንስ 75,000 ሊትር ውሃ ከጣሪያው ያወርዳል። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 3,750 ጀሪካን ነው። የአንድ ጣሪያ ብቻ! በመንደራችሁ ስንት ጣሪያ አለ? ውጡና ቁጠሩ። ያ ሁሉ ውሃ ቁልቁል መሄዱ አይቀርም። ቦይ ካገኘ በቦዩ ይሄዳል፤ ካጣ በእማማ ጓዳ በኩል ያልፋል።

ቦይ የለንም እንዳትሉ። በብዙ መንደር ቦይ አለ፤ ያለው ግን እስከ አፉ ሞልቷል። ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የጫት ገረባ፣ የቡና ገለባ፣ ካለፈው ክረምት የቀረ ደለል። ማን ጣለው? ከሰማይ አልወረደም። ማታ ማታ፣ ሰው ሳያይ፣ ከበራችን ራቅ አድርገን የጣልነው ነው።

በምትኩ የምናገኘው ወባ ነው። የወባ ትንኝ ሐይቅ አትፈልግም። የመኪና ጎማ የቆፈረው ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ ረግጦት ያለፈ ቦታ፣ በተዘጋ ቱቦ አፍ ላይ የተኛ ውሃ ይበቃታል። እዚያ የጣለችው እንቁላል በሞቃት አየር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ የጥሪዬ መሠረት እሱ ነው። የተኛውን ውሃ በየሳምንቱ ካፋሰስን እንቁላሉ ትንኝ ሳይሆን ይቀራል። በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም ባለሥልጣን ሲመጣ ብቻ ከጠረግን ግን ትንኟ ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን አሳድጋ ትጠብቀናለች።

ስለዚህ የምጠራችሁ ለአንድ ቀን ዘመቻ አይደለም። በየሳምንቱ ለሁለት ሰዓት ነው።

ማን ይሰበስበናል ትሉ ይሆናል። ሰብሳቢው በእጃችን ነው፤ እድራችን። የእያንዳንዱ ቤት ስም በመዝገቡ ላይ አለ። ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቅጣት ደንብ አለው። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ መንደሩን ይዞራል፤ አልሰማሁም የሚል የለም። ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳን ተተክሏል፣ ውሃ ተቀድቷል፣ እንጨት ተፈልጧል። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ካፋው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይቆማል። ይህን የሚያደርግ ሕዝብ ቦይ መጥረግ ያቅተዋል?

ጡሩንባው ለቀብር ብቻ ይነፋ ያለው ማን ነው? በወባ ለሞተ ልጅ ከምንነፋው፣ ልጁ እንዳይሞት እንንፋው!

ታዲያ ጡሩንባው ሲነፋ አንድ ሰው እንዳይቀርባችሁ፤ የምክር ቤት ተመራጫችሁ።

ታውቋቸዋላችሁ? በስም፣ በመልክ? አብዛኛው ሰው አያውቅም፤ በዚህም ብዙ አልፈርድም። የአካባቢ ምርጫ ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሂዶ ነበር። ቀጣዩ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመ። በ2005 የስምንተኛ ክፍል ደብተር ይዞ ይሮጥ የነበረ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ለቀበሌውና ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ የመስጠት ዕድል ሳያገኝ ነው ያደገው። ይህ ያሳዝናል። ቢሆንም ለመቀመጥ ሰበብ አይሆነንም። ወንበሩ አለ፤ ወንበሩ ላይም ሰው ተቀምጧል። ያ ሰው ከንቲባውን ይመርጣል፣ የከተማውን ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ሥራ አስፈጻሚውን ይጠይቃል። ብዙዎቹ ተመራጮች ደግሞ የሙሉ ቀን ሥራቸው ሌላ ነው፤ መምህር ናቸው፣ የጤና ባለሙያ ናቸው፣ ነጋዴ ናቸው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባሉ። ማንም ካልጎተጎታቸው የሚሰሙት ከመድረኩ የሚነበበውን ሪፖርት ብቻ ነው። ሪፖርት ደግሞ እንደምናውቀው ሁልጊዜ ጥሩ ነው።

ጎትጉቷቸው! በመብታችሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 43 ማኅበረሰባችሁን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ እምነት ያጣችሁበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደምትችሉ ይናገራል። ይህ ሁሉ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል።

ሩቅ ነው የሚለው ምክንያትም አልቋል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተሰልፈን የራሳችን ክልል እንዲኖረን ድምፅ የሰጠነው ለዚሁ ነበር። ለአንድ ጉዳይ ሐዋሳ ድረስ መንገላታት በቃን ብለን ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲሱ ክልላችን ቆመ፤ ሚዛን አማንና ቴፒ ራሳቸው ከቦንጋና ከተርጫ ጋር የክልሉ መቀመጫ ሆኑ። አሁን ቢሮው በባጃጅ ይደረሳል። በባጃጅ የሚደረስበትን ቢሮ ካልሄድንበት ሰልፉ ለምን ነበር?

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ተመራጫችሁን ወደ ቦዩ አምጧቸው። አዳራሽ አትጥሯቸው። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ውሃ በሃይላንድ ይታደላል፣ በቃ። ከላይኛው ቤት እስከ ወንዙ አፍ በእግራቸው ይሂዱ። የተሰበረውን ክዳን ይዩ፣ ልጅ የወደቀበትን ጉድጓድ ይዩ፣ መብራት የሌለውን የትምህርት ቤት መንገድ ይዩ። “እትዬ፣ እዚህ ጋ ይርገጡ እስቲ” በሏቸው። በአክብሮት፣ ግን ሳትለቁ። ጫማው ያልቆሸሸ ተመራጭ መንደራችሁን አልጎበኘም።

ከዚያ ወረቀት ጻፉ። ሦስት ነገር ብቻ። ሠላሳ ነገር የጠየቀ መንደር አንድም አይመለስለትም፤ ሠላሳው ለሁሉም ማምለጫ ነውና። አንደኛው ራሳችሁ በጉልበታችሁ የምትሠሩት ይሁን። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤቱ በጥቂት ወጪ ሊያደርገው የሚችለው፣ ለምሳሌ የተሰበረ ቱቦ መተካት ወይም ሁለት መኪና ገረጋንቲ መድፋት። ሦስተኛው በጀት የሚጠይቀው። ቦታውን በስሙ ጻፉ፣ ርዝመቱን በሜትር ጻፉ፣ የእድሩን ማኅተም አሳርፉ። ሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱን ስጡ፣ አንዱን “ደርሶኛል” አስብላችሁ አስፈርሙ።

ቀኑን አትሳቱ! የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የሚታሰበው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እስከ ግንቦት ጥያቄውን ያላስገባ መንደር ነሐሴ ላይ ጎርፉ ውስጥ ቆሞ ቢጮኽ “በጀት የለም” ይባላል፤ እውነትም የለም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ፣ በጀቱ ከሰኔ በፊት። ሁለቱም እኛን አይጠብቁም።

መዋጮ ይኖራል። ያለ ገንዘብ ሲሚንቶ አይገዛም። ግን ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አትስጡ፣ ያለ ደረሰኝም አትቀበሉ። የገባውና የወጣው በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ። የኮብልስቶን መንገድ በብዙ ከተማ ነዋሪው ድርሻውን ከፍሎ፣ መንግሥት ጨምሮበት ነው የተነጠፈው። የሰፈር ሥራ የሚሞተው ብር ስላነሰ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት የተዋጣው የት እንደገባ የሚመልስ ስለሚጠፋ ነው። ይህን በሽታ ከመጀመሪያው ቀን እንከላከለው።

ይሠራል ወይ? ይሠራል። በሩዋንዳ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት አገሩ በሙሉ ወጥቶ ቦይ ይጠርጋል፣ መንገድ ይጠግናል፤ ሥራው ሲያልቅ እዚያው ቁጭ ብሎ ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር ይመክራል። ከሥራ በኋላ መምከሩን ልብ በሉ። በብራዚል ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ደግሞ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በየሰፈራቸው ተሰብስበው የከተማው በጀት በምን ላይ እንደሚውል ማዘዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ያዘዙት ሐውልትና ፏፏቴ አልነበረም፤ የውሃና የፍሳሽ መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ከመቶ ቤት 75ቱ ብቻ ያገኙት የነበረው የውሃና የፍሳሽ መስመር በ1997 ወደ 98 ደረሰ። ድሆች ናቸው ያዘዙት።

የዋናው መንገድ ዳር ሲያምር ደስ ይለኛል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጀምሮ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል፤ አበባውም መብራቱም ጥሩ ነው። ግን ጎርፍ ዋና መንገድ አይመርጥም፤ ትንኝም አትመርጥም። ከአበባው ጀርባ ያለው መንደር ቦዩ ከተደፈነ አበባውም የሚጠጣው ጭቃ ነው።

ከእኛ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተለቀመ የጌሻ ቡና ዘር ተሻግሮ ፓናማ ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ በጨረታ ቀርቦ ዓለምን ጉድ አሰኝቷል። ዛሬ በሩቅ አገር አንድ ስኒው እኛ በወር ለእድር ከምንከፍለው በላይ ይሸጣል። የዚያ ዘር አገር ነን! የካፋው ጥብቅ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካው በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ዓለም ጫካችንን መዘገበልን። መንደራችንን ማንም አይመዘግብልንም፤ እሱ የእኛ ድርሻ ነው።

ወጣቶች! ጉልበቱ እናንተ ዘንድ ነው። በየክረምቱ የአቅመ ደካማ ቤት ታድሳላችሁ፣ ችግኝ ትተክላላችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ። አሁን ደግሞ ክረምቱ ሳይመጣ ኑ። ካሜራ ሳይመጣ ኑ።

ባለ ባጃጆች፣ ባለ ሞተሮች! ጉድጓዱን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። የትኛው መታጠፊያ ጎማ እንደሚበላ ንገሩን፤ በማኅበራችሁ በኩል ለተመራጩ ጻፉ።

የቡና ነጋዴዎች፣ የእጥበትና የመፈልፈያ ባለቤቶች! ገለባውን ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ ማሳ ላይ ቢበሰብስ ማዳበሪያ ነው። መኪናችሁ ቅዳሜ ጠዋት ቆሞ ከዋለ ለደለሉ ስጡን። የነዳጁን እናዋጣለን።

ሱቅ ያላችሁ! የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አስገዳጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። ደንበኛው ዘንቢል ይዞ እንዲመጣ በትሕትና ንገሩት።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ልጆች! ዩኒቨርሲቲው ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በመካከላችን አለ፤ ቤት አከራይተናችኋል፣ ጎረቤት ሆነናል። የቴፒ ግቢ የምህንድስና ተማሪዎች የመለኪያ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ኑና ቦዩ በየት በኩል ቢያዘቀዝቅ ውሃው እንደሚወርድ አሳዩን። እኛ በዓይን ግምት ቆፍረን ውሃው ወደ ኋላ የተመለሰበት ጊዜ አለ። የሚዛን ግቢ የጤና ተማሪዎች ደግሞ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ቤት ለቤት ዙሩ፤ ልጅ ትኩሳት ከጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይድረስ ብላችሁ አስተምሩ።

እናቶች! ለእናንተ ምን ይነገራል። ውሃው ቤት ሲገባ ሌሊት የምትቀዱት እናንተ፣ ልጁ ሲያተኩስ የምታዝሉት እናንተ። ወረቀቱ ሲጻፍ ግን ብዙ ጊዜ የቡና ቅጠል ጨሞ ስታፈሉ ትቀራላችሁ። አትቅሩ! ከሦስቱ ጥያቄ ቢያንስ አንዱን እናንተ ምረጡ። ባሎች ጨሞውን ያፍሉ፤ ቢያርር እንችለዋለን።

የሃይማኖት አባቶች! ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ከአምልኮ በኋላ አንድ ደቂቃ ስጡን። ከእናንተ አፍ የወጣ ጥሪ ከማይክሮፎን ይበልጣል።

አዲስ አበባና ባሕር ማዶ ያላችሁ የአገር ልጆች! “ሰፈራችን እንዴት ነው?” ብላችሁ ስትደውሉ፣ ቀጥላችሁም “ተመራጫችን ማን ናቸው? ቦዩ ተጠረገ?” ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ብቻውን ሰው ያስነሣል። ብር ከላካችሁም በእድሩ መዝገብ ይግባ።

እናንተ ተመራጮች፣ እናንተንም እጠራለሁ። ስድብ የለኝም። መንደሩ ሲጠራችሁ ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። የማትችሉትን አልችልም በሉ፤ ሕዝቡ ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅምና ያከብራችኋል። የምትችሉትን ቀን ቆርጣችሁ ንገሩ። የወረዳችሁበት ቦይ ርዝመት፣ የጠየቃችሁት ገንዘብ፣ የተመለሰላችሁ መልስ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በጽሑፍ ይለጠፍ። የምክር ቤቱ ስብሰባ ሲመጣም ከመድረኩ የሚነበበውን ሪፖርት አቋርጡና “የእኛን ቦይ ስንት ሜትር ሠራችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ተመራጭ ሲጠይቅ ይታለፋል። አሥር ተመራጭ ከአሥር መንደር ወረቀት ይዞ ሲጠይቅ አይታለፍም።

“ብቻዬን ምን እሠራለሁ” የምትል ወንድሜ፣ ብቻህን አትሥራ። ዛሬ ማታ የእድሩን ሊቀመንበር ደጅ አንኳኳ። “ጋሼ፣ ለቅዳሜ ጡሩንባ እናስነፋ” በላቸው። እምቢ ካሉ ጸሐፊውን ያዝ። እሱም እምቢ ካለ ሦስት ጎረቤት ይዘህ ራስህ ጀምር፤ አራት ሰው አካፋ ይዞ ሲታይ አምስተኛው ከቤቱ ሳይወጣ አይቀርም።

የፊታችን ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ቅዳሜን ሰንበት የምታከብሩ ድርሻችሁ እሁድ ከሰዓት ይጠብቃችኋል። አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ፣ ገጀራ ያለው ገጀራ ይያዝ። ምንም የሌለው ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ለፕላስቲኩ ይምጣ። ልጆች ውሃ ያቀብሉ። ከላይ የሚጀምር ደለሉን ለታችኛው ጎረቤት ይሰድዳልና መነሻችን ከታች ነው፤ ወንዙ አፍ ካለው ቱቦ እንገናኝ።